የጾም ማዕድ በሽምግልና ወራት

ነሐሴ በባተ በሳምንቱ፣ ክረምቱ ከእንጦጦ ሥር ባሉት መንደሮች ላይ ጭጋጉን ጥሎ ሳለ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንዲት እማሆይ በጓዳቸው ደፍ ላይ በዱካ ተቀምጠው ሱፍ ሲያሰናዱ አገኘኋቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ያን ዕለት ከቅዳሴ ስለ ቀሩ፣ በድምፅ ማጉያው ከሩቅ የሚሰማውን ዜማ እየተከተሉ በከንፈራቸው ይመልሳሉ፤ እጃቸው ግን ሥራውን አያቋርጥም። ሱፉን ቀደም ብለው አጥበውና አፍልተው ነበርና አሁን በሙቀጫ ይወቅጡታል፤ የተወቀጠውንም ለብ ባለ ውኃ እያሹ በንጹሕ ጨርቅ ያጠሉታል፤ ገለባው በጨርቁ ላይ ሲቀር፣ ከታች ወዳለው ሳህን የሚወርደው ፈሳሽ ሲሠራ ያላየ ሰው ወተት ነው ብሎ ቢምል የማያሳፍረው ነጭ ነው። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ደቁሰው ጨመሩበት፤ ቃሪያ ከተፉበት፤ እንጀራ ቆራርሰው ነከሩበትና፣ ሰዓቱ ገና ሰባት ተኩል ስለ ነበረ፣ ከድነው አስቀመጡት።

ሥጋ ከተዉ ስንት ጊዜ እንደ ሆናቸው ብጠይቃቸው፣ «ቆቡን ስጭን ሥጋውን በፈቃዴ ተውኩት ልጄ፤ ወተቱ ግን ላሚቱ የተሸጠች ዕለት እሱ ራሱ ተወኝ» አሉና ሳቁ። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም፣ በአገራችን በሽማግሌዎችና በባልቴቶች ኑሮ ውስጥ ወደዚህ ማዕድ የሚያደርሱ ሁለት ልዩ ልዩ መንገዶች መኖራቸውን ያስታውቃል፤ ይኸውም አንዱ ሰው በሃይማኖቱ ሥርዓትና በነፍሱ ፈቃድ ከሥጋና ከወተት የሚለይበት፣ ሁለተኛውም ገበያውና ድኽነቱ የሚለዩት ነው። በገበታው ላይ የሚቀርበው ምግብ ከውጭ ሲታይ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ ግን ጎረቤትም ሐኪምም ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለምእመናኗ የደነገገቻቸው አጽዋማት ሰባት ናቸው፤ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም፣ ከበዓለ ጰራቅሊጦስ በኋላ የሚገባውና ርዝመቱ በየዓመቱ የሚለዋወጠው ጾመ ሐዋርያት፣ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ የሚጾመው ጾመ ፍልሰታ፣ ኅዳር 15 ቀን ገብቶ በልደት የሚፈታው ጾመ ነቢያት፣ ሦስቱ የነነዌ ቀናት፣ የልደትና የጥምቀት ዋዜማ የሆነው ጋድ፣ እንዲሁም ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ካሉት 50 ቀናት በቀር ዓመቱን ሙሉ የሚጾሙት ረቡዕና ዓርብ። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ ለምእመን ከ180 ቀን የማያንስ፣ ለካህንና ለመነኩሴ ደግሞ እስከ 250 ቀን የሚደርስ ይሆናል ይባላል። በዚህ ላይ ልጆቻቸውን ድረው፣ የትዳር ጓደኛቸውን ቀብረው፣ የቀረውን ዘመናቸውን ለንስሐ ለመስጠት በስተርጅና ቆብ የሚጭኑት ከሥጋ ፈጽመው ስለሚለዩ፣ የዕፀዋት ምግብ ለእነርሱ የወራት ሳይሆን የቀሪ ዕድሜያቸው ሁሉ ሥርዓት ይሆናል። እህል እንኳ የማይቀመስባትን የዋልድባን ገዳም ያሰበ ሰው፣ የእኒህ እማሆይ ሱፍ ፍትፍት ድሎት ሆኖ ሊታየው ይችላል።

በፈረንጆቹ ዘንድ ከእንስሳ የሚገኘውን ሁሉ ትቶ በዕፀዋት ብቻ መኖር የራሱ ስምና ማኅበር ያገኘው በቅርብ ዘመን ነው። ዶናልድ ዋትሰን የተባለው እንግሊዛዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1944 ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ማኅበሩን ሲያቋቁም ዕድሜው 34 ዓመት ነበረ፤ እስከ 2005 ኖሮም በ95 ዓመቱ ዐረፈ። የአንድ ሰው ዕድሜ ለማንም ማስረጃ አይሆንም፤ ሆኖም ሰውየውና ጓደኞቹ ያለ ልማድና ያለ አያት ምክር በየወጥ ቤታቸው እየሞከሩ ሊማሩት የተገደዱትን ነገር፣ የእኛ አገር ባልቴት ከእናቷ ጓዳ ተምራው ስታበቃ ዋጋውን ሳታውቀው የምትኖር መሆኗ ሳያስደንቀኝ አይቀርም።

ዋጋው ምን እንደ ሆነ ለመረዳት በማዕዱ ላይ ያለውን አንድ በአንድ መመርመር ያሻል። ሥጋን የሚያቆመውና የሚጠግነው ፕሮቲን የተባለው ንጥረ ነገር ከተለያዩ ጥቃቅን ክፍሎች የተገነባ ነው፤ ጤፍም ሆነ ስንዴ ወይም ገብስ ከእነዚህ ክፍሎች አንዱን፣ ላይሲን የሚባለውን፣ በሚገባ አይሰጡም፤ ባቄላ፣ አተር፣ ሽንብራና ምስር ግን እርሱን በብዛት ይዘው፣ በፈንታው እህሉ የማያጣውን ሌላውን ክፍል ያሳንሳሉ። እንግዲህ እንጀራን በሽሮ የሚበላ ሰው የአንዱን ጉድለት በሌላው እየሞላ ነው ማለት ነው። ሐኪሞች ይህን በቤተ ሙከራ ሳያረጋግጡት በፊት፣ በሆሳዕና ሳምንት ስንዴና ባቄላ ቀላቅላ ጉልባን የምትቀቅል እናት ፈጽማው ነበር።

የእርሾውም ነገር እንዲሁ ነው። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ፊቴት የሚባል ነገር አለ፤ ብረትንና ዚንክን አስሮ ይይዝና አንጀት እንዳይቀበላቸው ይከለክላል። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ፣ ባቄላው ሲዘፈዘፍ ወይም ሲበቅል፣ ስልጆው በእንስራ ውስጥ ሰንብቶ ሲኮመጥጥ፣ ይህ እስራት ብዙውን ጊዜ ይላላል። በአዚፋ ላይ የሚጨመቀው ሎሚና ከገበታ የማይለየው ጥሬ ቃሪያም ከዕፀዋት የሚገኘውን ብረት ወደ ደም ለማስገባት ይረዳሉ። የሚጎዳው ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚጠጣው ቡናና ሻይ ነው፤ በውስጣቸው ያለው የሚያኮማትር ነገር ብረቱን መልሶ ይይዘዋልና፣ ቡናው አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ይሻላል። ይህንን ለእማሆይ ብነግራቸው፣ ከምግብ ጋር ያልተያያዘ ቡና ምን ዓይነት ቡና እንደ ሆነ መልሰው ጠየቁኝ፤ እኔም መልስ አልነበረኝም።

ይህን ያህል ካመሰገንኩ በኋላ ነገሩ የሚከብድበት ቦታ ላይ እደርሳለሁ። የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የሚጾመው ጾምና የሰባ አምስት ዓመት አረጋዊ የሚጾመው ጾም በሥርዓት አንድ ቢሆኑም፣ የሚጾመው ሥጋ አንድ አይደለም። ሰው ሃምሳ ዓመት ካለፈው ወዲህ ጡንቻው በየዓመቱ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የበላውን ፕሮቲን ወደ ጡንቻ የመለወጥ ኀይሉም ይደክማል፤ ስለዚህ ለጎልማሳ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.8 ግራም ፕሮቲን በቀን ይበቃል ሲባል፣ የሽማግሌዎችን ምግብ የሚያጠኑ ሊቃውንት ለአረጋውያን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ያዝዛሉ። አረጀ ስለዚህ ይነሰው የሚለው የተለመደ አስተሳሰብ በዚህ በኩል ስሕተት ነው፤ ሽማግሌ የሚያስፈልገው ጠቅላላ ምግብ ቢቀንስም የሚያስፈልገው ፕሮቲን ግን ይጨምራልና።

ክብደቷ 50 ኪሎ የሆነ አንዲት ባልቴት እናስብ። በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ፕሮቲን ያሻታል። ብቻዋን የምትኖር፣ ወጥ ለመሥራት የሰለቸች ብትሆን፣ በዘጠኝ ሰዓት አንድ እንጀራ በሦስት ማንኪያ የሽሮ ዱቄት በተሠራ ቀጭን ወጥ በልታ፣ ማታ ሻይ በዳቦ ጠጥታ ትተኛለች። ከእንጀራው በግምት 12፣ ከሽሮው 6 ግራም ያህል አገኘች እንበል፤ ዳቦው ጥቂት ቢጨምርላትም ከሚያስፈልጋት ግማሹን እንኳ አልደረሰችም። ሆዷ ሞልቷል፤ ጾሟንም በሥርዓቱ ጾማለች፤ ጉልበቷ ግን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይከዳታል፤ ሰውም «እርጅና ነው» ይላታል። አንድ የቡና ስኒ ደረቅ ምስር ቀቅላ ብትጨምርበት ግን 15 ግራም ያህል ታገኝ ነበር።

የጾም ማዕዳችን ለሽማግሌ የሚስማማ ሆኖ የተሠራው በብዙ ዓይነቱና በውፍረቱ መሆኑን፣ ዛሬ በብዙ አረጋውያን ገበታ ላይ የቀረው ግን ከእርሱ አንድ ቁራጭ ብቻ መሆኑን መናገር የፈለግሁት ስለዚህ ነው። በምግብ ቤቶች የሚቀርበውን በያይነቱ የተመለከተ ሰው ሽሮውን፣ ምስር ክኩን፣ የሐበሻ ጎመኑን፣ ቀይ ሥሩን፣ ፎሶልያውን አይቶ የጾም ምግብ ይህ ነው ብሎ ይሄዳል፤ ነገር ግን ያንን ሁሉ ለአንድ አፍ ብቻ የሚሠራ ሽማግሌ የለም። እልበት ዛሬ በስንት ቤት ይሠራል? የባቄላ ዱቄት ከሱፍ፣ ከአብሽና ከስናፍጭ ጋር ተመትቶ የሚሠራው ይህ ምግብ ለስላሳ ነው፤ ጥርስ አይጠይቅም፤ ፕሮቲንም ቅባትም ያለው ነው፤ ለጥርስ አልባ አረጋዊ ከእርሱ የሚሻል የጾም ምግብ አላውቅም። ነገር ግን ሥራው ስለሚበዛ የድሮ ሰው ምግብ ተብሎ ተትቷል። ቆሎ መቆርጠም ያቃተው ሰው ገብሱን በበሶ፣ ባቄላውን በእልበት እንዲያገኘው አድርገው ያሰናዱት የቀደሙት ሰዎች፣ የሽማግሌን ድድ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

ይሁንና እልበትም፣ ሱፍም፣ የሐበሻ ጎመንም የማይሰጡት አንድ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ከሚገኙት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ፣ የጡረታ ዘመናቸውን ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሳይርቁ የሚያሳልፉ አንድ አባት ከሐኪሙ ፊት ተቀምጠው ነበር። ወጣቱ ሐኪም ካልሲያቸውን እንዲያወልቁ በትሕትና ለመናቸውና፣ ሲመቱት የሚንዘር ባለ ሁለት ጣት ብረት አውጥቶ በክርኑ መትቶ በእግራቸው አውራ ጣት አጥንት ላይ አኖረው።

«አባቴ፣ ሲንዘር ይሰማዎታል?»

«ይቀዘቅዛል።»

«መቀዝቀዙን ሳይሆን መንዘሩን ነው።»

«ብረቱ ይቀዘቅዛል እንጂ ሌላ ነገር የለውም።»

ብረቱን ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ወደ ጉልበት ከፍ ሲያደርገው ነው «እህ፣ አሁን መጣ» ያሉት። ከአንድ ዓመት ወዲህ ሲሄዱ ጥጥ የረገጡ እንደሚመስላቸው፣ በጨለማ ሲነሡም እንደሚወላገዱ፣ የሚያውቁትን የሰው ስም አንዳንድ ጊዜ እንደሚስቱ ተናገሩ። ስኳር አለባቸው፤ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት ለብዙ ዓመታት ውጠዋል፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ጾም አላፈረሱም። የደማቸው ምርመራ ሲመጣ ቀይ የደም ሕዋሳታቸው ከልክ በላይ ተልቀው፣ ቫይታሚን ቢ 12 የተባለው ደግሞ እጅግ ወርዶ ተገኘ።

ይህ ቫይታሚን ከሌሎቹ ሁሉ የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ዕፀዋትም እንስሳም አይሠሩትም፤ የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ብቻ ናቸው። ላምና በግ በሆዳቸው ካሉት ባክቴሪያዎች ያገኙትን በሥጋቸው፣ በጉበታቸውና በወተታቸው ስለሚያከማቹ ሰው ከእነርሱ ይቀበላል። ሊቃውንት ለይተው አውጥተው ቀይ ሆኖ በብርጭቆ ያዩት እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ ማለትም እነ ዋትሰን ማኅበራቸውን ካቆሙ ከአራት ዓመት በኋላ፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ የማኅበሩ ሰዎች የሚጎድላቸውን ሳያውቁት ጎድሏቸዋል። በሰው ጉበት ውስጥ የሚቀመጠው ስንቅ ለዓመታት ስለሚበቃ፣ ጾሙን በትንሣኤና በልደት በሥጋና በወተት፣ በዓይብና በእንቁላል የሚፈታ ጎልማሳ ያወጣውን ይተካል። ሽማግሌው ግን በሁለት በኩል ይጎዳል፤ በአንድ ወገን በበዓሉም ቀን ቢሆን ሥጋ የሚበላው ጥቂት ነው ወይም ፈጽሞ የለም፤ በሌላ ወገን የብዙ አረጋውያን ጨጓራ አሲዱ ስለሚቀንስ፣ ከምግብ ጋር ተጣብቆ የመጣውን ቢ 12 ማላቀቅ አይችልም፤ ሜትፎርሚንም በዚህ ላይ ተጨምሮ መግቢያውን ያጠብባል። የሚገርመው፣ በኪኒን መልክ የሚሰጠው ከምግብ ጋር ያልተጣበቀ ስለ ሆነ የደከመውም ጨጓራ ይቀበለዋል። የሚያስፈልገውም በቀን 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ይህም በዓይን ሊታይ የማይችል ነገር ነው። ከ50 ዓመት በላይ የሆናቸው ሁሉ፣ ሥጋ የሚበሉትም ሳይቀሩ፣ ይህን ቫይታሚን ከኪኒን ወይም ከተጨመረበት ምግብ እንዲያገኙ በአሜሪካ የሚመከረው ስለዚህ ነው።

ሐኪሙ መርፌ አዘዘላቸው። አባት ግን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ሕመሙ አልነበረም።

«ይኸ መርፌ ጾሜን ያፈርስብኛል ወይ?»

«ይህን ለንስሐ አባትዎ ነው የሚያቀርቡት» አለ ሐኪሙ፤ «እኔ የማውቀው ምግብ ሳይሆን መድኃኒት መሆኑን፣ የሚሠራውም ከእንስሳ ሳይሆን በባክቴሪያ መሆኑን ነው። በኋላ ኪኒን ሲጀምሩ ግን በዱቄት የተሞላውን ለስላሳ ፍሬ ትተው ጠጣሩን ይግዙ፤ የለስላሳው ሽፋን ብዙ ጊዜ ከከብት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ጀላቲን ነው።»

ሐኪሙ የሌላ ሃይማኖት ተከታይ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት፤ የሕመምተኛውን ኅሊና እንደ አንድ የሰውነት ክፍል ቆጥሮ በመመርመሩ አከበርኩት። የንስሐ አባታቸውም ሳያመነቱ ፈቀዱላቸው። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጹ ለሕሙማን ቸርነትን አድርጓል፤ ብዙ ሽማግሌዎች ግን ይህን ቸርነት ለሌላው እንጂ ለራሳቸው የተጻፈ አይመስላቸውም። ከቢ 12 ይልቅ ዛሬ ነገ የማይባልበት ጉዳይ ደግሞ የምግቡና የመድኃኒቱ ሰዓት ነው። ስኳርን በኀይል የሚያወርዱ እንደ ኢንሱሊንና ግሊቤንክላማይድ ያሉትን መድኃኒቶች ጧት ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መቆየት፣ ሰውን በቅዳሴ መካከል የሚጥል አደጋ ነው፤ ሽማግሌ ጥሙ ቶሎ ስለማይታወቀው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ላይ ሆኖ ውኃ ሳይጠጣ መዋሉም ኩላሊቱን ይጎዳል። መድኃኒቱን በራስ ሥልጣን ማቋረጥም እንደዚያው አደጋ ነው። ጾሙ ሳይገባ አስቀድሞ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ያነጋገረ ሰው፣ የመድኃኒቱን ሰዓት አንዱ፣ የምግቡን ሰዓት ሌላው ያስተካክልለታል። እኒህ አባት ምግባቸው ወደ ስድስት ሰዓት ተዛወረላቸው፤ ምግቡ ያው የጾም ምግብ ነው። ከወራት በኋላ ድካማቸው ቀለለ፤ የእግራቸው መደንዘዝ ግን ወደ ላይ መውጣቱን ቢያቆምም ፈጽሞ አልለቀቃቸውም፤ ነርቭ ረጅም ጊዜ ከተጎዳ ሙሉ በሙሉ አይመለስምና።

ስለ አጥንትም ጥቂት መናገር ያሻል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ወደ 55 ሺህ የሚሆኑ እንግሊዛውያንን ለረጅም ዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ከእንስሳ የሚገኘውን ሁሉ የተዉት ሰዎች ሥጋ ከሚበሉት ይልቅ የዳሌ አጥንት ስብራት ከሁለት እጥፍ በላይ ደርሶባቸዋል፤ ምክንያቱም በከፊል ክብደታቸው ማነሱ፣ እንዲሁም ካልሲየምና ፕሮቲን ማጉደላቸው ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። ጤፍ በካልሲየም ከስንዴ የተሻለ ነው፤ የሐበሻ ጎመንና ሰሊጥም ይረዳሉ፤ ሆኖም ከ50 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት የሚመከረውን 1,200 ሚሊግራም በእነዚህ ብቻ መሙላት ቀላል አይደለም። ቫይታሚን ዲ ደግሞ ከምግብ ይልቅ ከፀሐይ ይገኛል፤ በደጅ ተቀምጦ ፀሐይ መሞቅ የሽማግሌ ስንፍና የሚመስለው ልጅ፣ አባቱ አጥንቱን እየመገበ መሆኑን ቢያውቅ ወንበሩን ራሱ ያወጣለት ነበር።

የባሕር ማዶዎቹ ጉዳይ በዚህ ላይ ይለያል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ ወይም በሰሜን አውሮፓ ከተሞች ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ እናቶችና አባቶች ክረምቱን ከቤት ሳይወጡ ያሳልፉታል፤ ቆዳቸውም ጠይም ስለ ሆነ ያችን ጥቂት ፀሐይ እንኳ በሚገባ አይጠቀምባትም፤ ስለዚህ ኪኒኑ ለእነርሱ ግዴታ ሊሆን ይችላል። እዚያ የሚሸጠው አብዛኛው ቫይታሚን ዲ 3 ከበግ ጠጉር ቅባት የሚወጣ ሲሆን፣ ዲ 2 የተባለው ግን ከእርሾና ከእንጉዳይ ስለሚገኝ ለጾመኛ ኅሊና አያስቸግርም። በፈንታው እዚያ ያለ ሽማግሌ ካልሲየምና ቢ 12 የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ከሱቅ ገዝቶ ይጠጣል፤ ይህም ለእኛዋ እማሆይ ያልደረሰ ጸጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣሉ፤ ከጎንደር ገጠር ሲወጡ የስኳር በሽታ እምብዛም አይታወቅባቸውም ነበር፤ ጥቁሩ እንጀራና ጥራጥሬው በነጭ ዳቦና በጣፋጭ መጠጥ ከተተካ፣ ተራራ መውጣቱም ከቀረ በኋላ በሽታው በፍጥነት ገባባቸው።

እንዲህ ያለው መለወጥ ባሕር መሻገርን አይጠይቅም። በአዲስ አበባ የጾም ኬክ፣ የጾም ብስኩት፣ በሩቁ የሚሸት የተጠበሰ ሳምቡሳ ሞልቷል፤ ሁሉም ከዕፀዋት ነው፤ ሁሉም ጾም ነው፤ ለስኳር ሕመምተኛ ግን የሚያሳዝን ምግብ ነው። የጾም ወጥ ቅባት ቀድሞ የኑግና የሱፍ ዘይት ነበር፤ ሁለቱም በብርድ የማይረጉ፣ ለልብ የሚስማሙ ናቸው፤ ተልባም ቆልተው ፈጭተው በውኃ ሲበጠብጡት በባሕር ዓሣ ውስጥ ካለው ጋር የሚዛመድ ቅባት ይሰጣል፤ የአረጋውያንን የሆድ ድርቀትም ያለዝባል። ዛሬ ግን ድኻው ቤት የገባው ከውጭ የሚመጣው የፓልም ዘይት ነው፤ ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ የሚረጋ ቅባት ስለ ሆነ፣ ቅቤን ለጾም የተወ ሰው የቅቤውን ጉዳት በሌላ በር ያስገባዋል። ጨው እንዲሁ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም እንዳያልፍ ሲመክር፣ በርበሬውም ሽሮውም ሚጥሚጣውም ጨዋቸውን ይዘው የሚመጡ ስለ ሆነ ወጡ ላይ ደግሞ የሚጨመረው ትርፍ ነው። ሽሮ ከገበያ የሚገዛም ጓያ ያልተቀላቀለበት መሆኑን ቢጠይቅ አይከፋም፤ እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 በደምብያና በፎገራ ሌላ እህል ታጥቶ ጓያ በብዛት ሲበላ ስንቶች እግራቸው ሽባ ሆኖ እንደ ቀረ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አሉ።

እስካሁን የተናገርኩት ግን ምስር ለመግዛት፣ ኪኒን ለመግዛት፣ ከሁሉም በላይ አብሮት የሚበላ ሰው ለማግኘት ለሚችል ሽማግሌ ነው። እንደ እማሆይ ወተቱ ራሱ የተዋቸው ይበዛሉ። የምስር ዋጋ ከአተርና ከባቄላ ዋጋ በላይ ወጥቷል፤ ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ቤት ባቄላን ዘፍዝፎ፣ ልጦ፣ በስኒ ሳይሆን በእፍኝ እየለኩ መጨመር ከማንኛውም ምክር የሚቀርብ ነው። በየደጀ ሰላሙ ለሚቀመጡት አረጋውያን በዝክርና በሰንበቴ ቀን የሚሰጠው ዳቦና ቆሎ ነው፤ ዳቦው ደርቆ፣ ቆሎው ጥርስ ፈልጎ፣ ብዙው በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ለልጅ ልጅ ይሄዳል። በአንድ ደብር የማኅበር ድግስ የደረሳቸው አንዲት ወይዘሮ፣ የራሳቸው እናት ቆሎ ሲቀበሉ በመሐረባቸው ሲሸሽጉት አይተው ኖሮ፣ ቆሎውን ትተው እልበት በድስት፣ በሶም በጥብጠው በጀሪካን ይዘው መጡ። ማኅበርተኞቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ዝክር ያለ ቆሎ አይሆንም አሉ። «እንግዲያው ቆሎውን እናንተ ቁርጠሙት፤ ድስቱን ወደ በሩ አሳልፉልኝ» አሏቸው ወይዘሮዋ፤ በሚቀጥለው ወር ተረኛ የነበረችውም ሴት የስናፍጩን ልክ ለመጠየቅ ማታውኑ ቤታቸው ሄደች።